አርጆ የሚጠበቀው ሰው

ነቀምቴን ረግጣችሁ የማታውቁ ብዙ ናችሁ፤ እኔም እስከ ጥቅምት ድረስ የማውቃት በአውቶቡስ ታፔላ ብቻ ነበር። ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ ከወራት በኋላ ነው። የዘገየሁት ሰንፌ አይደለም፣ ነገሩ ስላላለቀልኝ ነው።

ሥራዬ እስረኛ ማነጋገር ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። አንድ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ ሲቃረብ አስተሳሰቡ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ወጥቶ ዳግም ያጠፋ እንደሆነ በመጠይቅ እለካለሁ። "ሰው ይለካል እንዴ?" የሚሉኝ አሉ። "ጨርቅ አይደለም፣ ግን ይሞከራል" ብዬ አልፋቸዋለሁ። ወደ ወለጋ የሄድኩትም ለዚሁ ነው፤ በአንድ ማረሚያ ቤት ያሉ ጥቂት ሰዎችን ለክቼ ውጤቱን ለአመክሮ ኮሚቴው ላቀርብ።

ሰኞ

የመሥሪያ ቤቴ መኪና ጋራዥ ስለገባች በአውቶቡስ ሂጂ ተባልኩ። ከአዲስ አበባ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። መጠይቆቹ ያሉበትን ሻንጣ ረዳቱ "ጣሪያ ላይ ይሻላል እናቴ፣ ምንም አይነካው" ብሎ ከእጄ ወሰደው። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ ሰጠሁት።

እስከ አምቦ ደህና ሄድን። ከጉደር ወዲያ መንገዱ መውጣት ጀመረ፤ ጌዶ ስንደርስ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ተቀበለን። ጥቅምት ላይ በእኛ ሰፈር ልብስ አጥቦ በሁለት ሰዓት ማንሳት ይቻላል፤ ጌዶ ግን ሰማዩ ገና ነሐሴን የጨረሰ አይመስልም። ባኮ ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ሹራቤን አወለቅሁ። ፍተሻ ላይ ወርደን ስንሰለፍ አንዲት ተሳፋሪ የተጠበሰ እሸት ገምሳ ግማሹን ሰጠችኝ። አላውቃትም፣ አታውቀኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ማንም በቆሎ ገምሶ ቢሰጠኝ መጀመሪያ ቦርሳዬን ነው የምይዘው።

ነቀምቴ አሥር ሰዓት ገደማ ገባን። ሻንጣዬ ከጣሪያ ሲወርድ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ረዳቱ አየኝ፣ ሻንጣውን አየው፣ ከዚያ "እግዜር ያውቃል" ብሎ ሄደ። በባጃጅ ተጭኜ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው ማረፊያዬ ስደርስ የምበሳጭበት አቅም እንኳ አልነበረኝም።

የማረፊያው ባለቤት አዴ ሌንሳ ይባላሉ፤ አዴ እዚያ ለሴት የክብር መጠሪያ ነው። "በገ ነገአን ዱፍቴ" ብለው ተቀበሉኝና ሻንጣውን ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁ ከፍተው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀሏቸው። ቆየት ብዬ ብወጣ መነጽራቸውን አድርገው እያነበቡ ነበር። "ዶክተር" አሉኝ፤ ዶክተር አይደለሁም ብላቸውም አልሰሙኝም። "'ክፉ ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣብኛል' ይላል። ይሄን የማይል ሰው አለ?" ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

ማክሰኞ

ቁርስ አንጮቴ ነበር። ለማታውቁት፣ ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተፈጭቶ በቅቤና በሚጥሚጣ ይቀርባል። ድንች ነው ብዬ ብጀምረው ድንች አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ቁርሴ ቆሜ የምጠጣው ሻይ ነው፤ እዚህ አዴ ሌንሳ ሳህኑ ሳያልቅ በር አላስወጣ አሉኝ።

ማረሚያ ቤቱ ውስጥ የተቀበለኝ ኦቦ ቶለሳ ነው፤ የታራሚዎችን ማኅበራዊ ጉዳይ የሚከታተል፣ ለእኔም ኦሮምኛውን የሚያስተረጉም ሰው። ኦቦ ለወንድ እንደ አቶ ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ስለ ጤናዬ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ከብቶቼ ጠየቀኝ። ከብት የለኝም ስለው ከልቡ አዘነልኝ።

መጠይቁ እንዲህ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፤ ሰውየው "በጣም እስማማለሁ" ከሚለው እስከ "በጭራሽ አልስማማም" ድረስ ይመርጣል። መጨረሻ ላይ ይደመራል። ነጥቡ ከመስመሩ በላይ ከወጣ "ከፍተኛ ሥጋት" ይባልና አመክሮው ይቀራል።

መጀመሪያ የገባው በማጭበርበር የታሰረ ሰው ነበር። አማርኛው ከእኔ ይበልጣል። ሕግ የሁላችን ጥላ ነው አለኝ፤ ክፉ ሐሳብ በሕልሜም አይመጣብኝም አለኝ፤ ከመውጣቱ በፊት ሹራቤ እንደሚያምርብኝ ነገረኝ። ነጥቡን ያየ ሰው ገዳም ይግባ ይለዋል።

ቀጥሎ ገመቹ ገባ። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው፣ የአርጆ ገበሬ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በድንበር ጠብ ጎረቤቱን በዱላ መትቶ ገድሏል። መዝገቡ እንደሚለው ሌሎቹ ሲሸሹ እሱ የመታውን ሰው ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጥ ሰውየው መንገድ ላይ ሞተ። አሁን ከወጣ ወጣ፤ ካልወጣ አራት ዓመት ተኩል ይቀረዋል።

"ክፉ ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣብኛል።" በጣም እስማማለሁ። "በቁጣዬ ሰው ልጎዳ እችላለሁ።" በጣም እስማማለሁ። "ከሌሎች ሰዎች የከፋሁ ነኝ።" በጣም እስማማለሁ። ኦቦ ቶለሳ እያስተረጎመ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። እኔ ዝም ብዬ ምልክት አደረግሁ።

ከእሱ በኋላ ሦስት ሰዎች ተመሳሳይ መለሱ። ማረፊያዬ ተመልሼ ስደምር አንድ ነገር ታየኝ፤ ግቢው ውስጥ ካለው የጸሎት ኅብረት የመጡት ሁሉ ነጥባቸው ከመስመሩ በላይ ነው፣ የገመቹ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ደስ አለኝ፣ ልዋሽ አልችልም። ሃይማኖትን መሸሸጊያ ያደረጉ ሰዎችን ያጋለጥኩ መሰለኝ። በዚህ ጉዳይ ጥናታዊ ጽሑፍ አቀርባለሁ ብዬ ርዕስ ሁሉ አወጣሁ። የሰው አራት ዓመት ተኩል በእጄ ይዤ ርዕስ አወጣ ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ግኝቴን ለኦቦ ቶለሳ ነገርኩት። ሻዩን አስቀመጠ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ እንግዳ እንዳይከፋው እየተጠነቀቀ፣ እሱም መጠይቁን ይሞላ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ሲጨርስ ደመርኩት። ከገመቹ በሁለት ነጥብ ይበልጣል።

"እንግዲህ እሰሩኝ" አለ።

አስረዳኝ። በእሱና በገመቹ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚማረው ኃጢአቱን ማወቅ ነው። ከሌላ ሰው እሻላለሁ ማለት ትዕቢት ነው፤ ክፉ ሐሳብ አይመጣብኝም ማለት ውሸት ነው። "ጉባኤ መሐል ቆሞ ንጹሕ ነኝ የሚል ሰው ከተነሣ" አለኝ፣ "ሽማግሌዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የሚከታተሉት።" ገመቹም የታየው የመንግሥት ወረቀት አልነበረም። እውነቱን እንዲናገር የተጠየቀ መሰለውና እውነቱን ተናገረ። አጭበርባሪው ደግሞ ወረቀቱን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል።

"ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት፤ ተናድጄ ነበር።

"አልጠየቅሽኝማ። ደግሞ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ከሩቅ መጥተሻል።"

አፈርኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የአዴ ሌንሳ ጥያቄ ልብስ ማስጫው ሥር መጥቶልኝ ነበር፤ ስቄ አሳለፍኩት።

ግን ማፈር ገመቹን አያስፈታም። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ብጠይቀው ማስጠናት ይሆናል። ነጥቡ ያው ነጥብ ነው፤ ኮሚቴው የሚያየው እሱን ነው። መመሪያው ግን አንድ በር ይተዋል፤ ከታራሚው አካባቢ ሰው መጠየቅ ይቻላል። አርጆ እንሂድ አልኩ። ኦቦ ቶለሳ ጫማዬን አይቶ ሌላ የለሽም ወይ አለኝ።

ከሰዓት መብራት ስለጠፋ ሥራ አልነበረም። በአዴ ሌንሳ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሚመሽበትን ከተማ አየሁ። ሰው በመንገድ ሲተላለፍ ቆሞ ይጠያየቃል፤ አንዱ ሰላምታ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ ከፊት ለፊቴ ያለውን ጎረቤት ስም አላውቅም። ቤቴ ናፈቀኝ ልል ብዬ ቤቴ ውስጥ ማን እንዳለ ሳስብ ተውኩት።

ሐሙስ

ወደ አርጆ በሚኒባስ ሄድን። ወለጋ ሙቅ ነው ያለኝን ሰው እስካሁን እፈልገዋለሁ። አርጆ ጉም ውስጥ ነው ያለችው፤ ስንወርድ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ከመንደሩ መግቢያ ባለው ጭቃ ላይ ተንሸራትቼ በቂጤ ተቀመጥሁ። የገመቹ ታላቅ ወንድም ሊቀበለን መጥቶ ያየኝ እዚያው ነው። ሳይስቅ አነሣኝ፤ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ። ቀኑን ሙሉ እሱ በሸሚዝ ዋለ።

የገመቹ አባትና እናት እሱ እስር ቤት እያለ አርፈዋል። ሚስት አላገባም ነበር። "እንግዲህ የሚጠብቀው አንተ ነህ" አልኩት ወንድሙን። ራሱን ነቀነቀ። ከእኔ በላይ የምትጠብቀው አለች፣ እሷን ጠይቂያት አለኝ።

የወሰደን ወደ ሟች እናት ቤት ነው።

ይህ እንዲገባችሁ ጉማን ልንገራችሁ። ሰው ሲገደል የሁለቱ ወገን ሰዎች አብረው አይበሉም፣ ከአንድ ውሃ አይቀዱም፤ ሽማግሌዎች ደም እስኪያስታርቁ ድረስ። ያ ዕርቅ ጉማ ይባላል። የእነዚህ ሁለት ቤቶች ጉማ ከአምስት ዓመት በፊት አልቋል። ከዚያ ወዲህ የገመቹ ወንድም የሴትዮዋን ማሳ ያርሳል። በእኛ ከተማ ፍርድ ቤት ከፈረደ ሁለቱ ወገኖች ዳግም አይተያዩም፤ እዚህ ግን ጠዋት ጠዋት ይገናኛሉ።

አዴ ድንቄ ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም አሮጊት ናቸው። አይናቸው እየደከመ ስለሆነ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ወተት አቀረቡልን። ስለ ሥራዬ በኦቦ ቶለሳ በኩል ነገርኳቸውና የተለመደውን ጠየቅሁ፤ ገመቹ ቢፈታ ይፈራሉ ወይ? በመንደሩ መኖሩን ይቃወማሉ ወይ?

 ኦቦ ቶለሳ እያስተረጎመ እንዲህ አሉኝ፤ "አልቅሻለሁ። ረግሜዋለሁ። ታርቄያለሁ። ያ ሁሉ አልቋል። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ልጄን መጨረሻ ያየው እሱ ነው። ተሸክሞት ሲሮጥ ልጄ በሕይወት ነበር። ውሃ ጠይቆ ይሆን? ምን አለ? ፍርድ ቤት ሄድኩ፣ ዳኛው ይሄን አልጠየቀም። ሰው ይስቅብኛል አንቺ ልጅ፣ እኔ የልጄን ገዳይ እናፍቃለሁ።"

ኦቦ ቶለሳ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሲያስተረጉም ወደ በሩ እያየ ነበር።

ማስታወሻ ደብተሬን ዘጋሁት። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ። እናቴ ሐኪም ቤት ያረፈች ዕለት እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስደርስ ሸፍነዋታል። አጠገቧ የነበረችው አንዲት ተረኛ ነርስ ነበረች። ሐዘኑ ሲበርድልኝ ልጠይቃት ብሄድ ሌላ ከተማ ተዛውራለች አሉኝ። ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ሴት ባየሁ ቁጥር ቆም እላለሁ። እማዬ ስሜን ጠርታ ይሆን? ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለአዴ ድንቄ ነገርኳቸው። እጄን አልለቀቁም።

ለምን ማረሚያ ቤት ሄደው አልጠየቁትም? አልኳቸው። ሁለት ጊዜ ሊሄዱ ተነሥተው ነበር፤ በአጥር ማዶ፣ ዘበኛ ቆሞ፣ ሰው እየተጯጯኸ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም አሉ። እቤቴ መጥቶ፣ ተቀምጦ ነው የሚነግረኝ።

ሲሸኙን ጋቢውን ልመልስ ብል ወንድሙ እምቢ አለ። እስከ ነቀምቴ ለብሼው ገባሁ።

ዓርብ

ገመቹን እንደገና አስጠራሁት። መጠይቁን አላወጣሁም። አርጆ ሄጄ እንደነበር፣ አዴ ድንቄን እንዳየኋቸው ነገርኩት። እጁን ጉልበቱ መሐል ከተተ። ከዚያ ያቺን ጥያቄ ጠየቅሁት። ተሸክመኸው ስትሮጥ የተናገረው ነገር አለ?

ኦቦ ቶለሳ ሳያስተረጉም ገመቹ በተሰባበረ አማርኛ መለሰልኝ፤ እስከዚያ ቀን አንድ የአማርኛ ቃል ከእሱ አልሰማሁም ነበር።

"አለ። ተናግሯል። ግን የእሷ ነው።"

"በወንድምህ ለምን አልላክህላቸውም?"

"ሰው ሲቀባበለው ወሬ ይሆናል። እኔ ነኝ የወሰድኩባት፣ እኔ ነኝ የማደርስላት።"

"እስክትወጣ ባይቆዩስ?"

"እሱን ነው የምጸልየው" አለ።

ልነግራችሁ ይገባኛል፤ ያን ቃል ለመስማት እንዴት እንደጓጓሁ። አልጠየቅሁትም። ወጥቶ ሲሄድ ቀናሁ፤ አዴ ድንቄ የሚጠይቁት ሰው ስላላቸው ቀናሁባቸው።

ከሰዓት ሪፖርቱን ጻፍኩ። ነጥቡን አልደለዝኩም፤ እንዳለ ተውኩት። ከሥሩ ግን መጠይቁ በዚህ ቦታ ትሕትናን እንደ ወንጀል እየቆጠረ መሆኑን፣ አስተርጓሚዬ ራሱ ከመስመሩ በላይ መውጣቱን፣ የአጭበርባሪው ነጥብም መታመን እንደሌለበት ጻፍኩ። ገመቹ ዳግም አያጠፋም ብዬ አልማልኩም፤ ማንም አይምልም። የተጎጂ እናት የተናገሩትን ቃል በቃል አሰፈርኩ። በመጨረሻ እኔም ራሴ እናቴን በምን ሁኔታ እንዳጣሁ ጠቅሼ፣ ይህ ፍርዴን ሊያዛባው እንደሚችል ኮሚቴው ይወቅልኝ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሪፖርት ላይ ጽፌ አላውቅም።

ቅዳሜ

አዴ ሌንሳ አንድ ከረጢት ጥሬ አንጮቴ አስታቀፉኝ። ሻንጣዬን ረዳቱ ሊወስድ ሲመጣ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ አልለቀቅሁትም። ሲሬን፣ ባኮን፣ ጌዶን ወደ ኋላ እያየሁ መጣሁ። አዲስ አበባ ስገባ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ጤናውን ጠየቅሁት፤ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ "ምን ፈልገሽ ነው?" አለኝ። አንጮቴውን ቀቅዬ ሠራሁት፤ እንደ እሳቸው አልሆነልኝም።

አለቃዬ ሪፖርቱን አንብቦ ይሄ ልብ ወለድ ነው ወይስ ምዘና? ብሎ ቀለደብኝ። ወደ ኮሚቴው ግን አሳለፈው። ከዚያ ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥም አለፈ፤ ስልኬ በጮኸ ቁጥር የነቀምቴ ቁጥር ነው ወይ እላለሁ። ቢከለክሉትስ? አዴ ድንቄ ቢያርፉስ? እያልኩ ከረምኩ።

በጥር መጨረሻ ኦቦ ቶለሳ ደወለ። እንደ ልማዱ ጤናዬን፣ ቤተሰቤን ጠየቀኝ፤ ከብቶቼን ግን ዘለለልኝ።  ከዚያ ነገረኝ። ገመቹ በአመክሮ ተፈቷል። አርጆ እንደደረሰ ወደ ወንድሙ ቤት አልገባም፤ እንደ ደንቡ ሽማግሌዎች ይዘውት ወደ አዴ ድንቄ ሄዱ። ኦቦ ቶለሳም አብሮ ነበር። አዴ ድንቄ ሽማግሌዎቹን ሁሉ ከቤት አስወጡ። ይህ በደንቡ የለም፤ ቢሆንም ወጡ። በሩ ተዘግቶ ሁለቱ ብቻቸውን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆዩ። ከውስጥ ድምፅ አልተሰማም።

በኋላ አሮጊቷ በሩን ከፍተው ሽማግሌዎቹን ግቡና ብሉ አሉ። ኦቦ ቶለሳ አላስቻለውምና ጠጋ ብሎ ምን አለዎት ብሎ ጠየቃቸው።

"ልጄ ስሜን ነው የጠራው" አሉት። "ዘጠኝ ዓመት ሲጠራኝ ኖሯል። ዛሬ አቤት አልኩት።"